ሰፈሩን በሙሉ አንድ ሰው ያደረጉ ደግ ሰው

እንደምን ዋሉ እትዬ… አይነሱ፣ በሞቴ አይነሱ። እኔ ነኝ፣ የታችኛዋ። ሳፋዎን ልመልስ ብዬ ነው። ትናንት ልመልስ ስል ማሙሽ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት ስል ደግሞ ሳላጥበው ውሃ ሄደ። ብቻ የሰው ዕቃ እኔ ቤት ሲያድር እንቅልፍ አይወስደኝም። ያው ሳያድርም አይወስደኝም። ሥሩ ላይ ያለችው ስንጥቅ የኔ አይደለችም፤ ድሮም ነበረች… ነበረች አይደል?

ቤትዎ ደስ ሲል! መጋረጃ ቀየሩ እንዴ? እንግዲያው ታጥቦ ነው። እኔማ ከወለድኩ ወዲህ መስኮት መኖሩንም ረስቻለሁ። ማሙሽን ምንጣፉ ላይ ላስቀምጠው? አያበላሽም፣ አሁን ቀይሬለት ነው የወጣሁት። ይቺን የድስት ክዳን ከያዘ ዓለም አይታየውም። ስልኬን እዚህ ጉልበቴ ላይ ላድርጋት… ሰዓት ለማየት ነው። ሻይ? አይ፣ አይድከሙ፣ ቶሎ ነው የምሄደው። …ካፈሉት እሺ፣ ግማሽ። ግማሿንም ቀስ ብዬ ነው የምጠጣት፣ ትኩስ አልችልም።

እትዬ… ያ ድምፅ ምንድን ነው? ከዚያኛው ክፍል፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚለው? አይጥ ገባባችሁ እንዴ? አይደለም? እንግዲህ እርስዎ ካሉ። እኛ ቤት ያለችው አይጥ ግን ልክ እንዲህ ናት፤ ሰው ዝም ሲል ትጀምራለች፣ ስለ እሷ ሲወራ ቀጥ ትላለች።

…አቆመ። አላልኩዎትም?

በሩ ይከፈት፣ ነፋስ ይግባ። የሚሰማ ካለም ይስማ፤ ምን ሐሜት ይዘን ነው? እኔ ሰው አላማም። ሰው ማመስገን ነው የምወደው። እንዲያውም ዛሬ የመጣሁት አንድ ሰው ላመሰግንልዎ ነው… ማለቴ ሳፋውን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ ምስጋናው በዚያው ነው።

አንድ ሰው አሉ። እርስዎ አያውቋቸውም። የት ያውቋቸዋል? እርስዎ ከቤት አይወጡ፣ እሳቸው ከቤት አይወጡ፣ የት ትገናኛላችሁ?

ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተማሩ። ድሮ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ አሉ። ፊርማቸው ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይባልም ነበር ይላሉ… እሳቸው ናቸው የሚሉት። ከዚያ ጡረታ መጣ፣ ወረቀቱ ቀረ፣ ፊርማው ግን ጣታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ምስኪን። ጡት ያስጣሉት ልጅ ጣቱን ይጠባል፤ ወንበር ያስጣሉት ሰው ጣቱን ምን ያድርገው ይላሉ እትዬ?

ያን የእናቶች ድረ ገጽ ያውቁታል አይደል? ሁሉም የሚጽፍበት። ልጅ ሲያተኩሰው ምን ይደረጋል፣ ሲያስቀምጠው ምን ይሰጠዋል፣ እትብቱ መቼ ይወድቃል… የሚያውቅ ይጽፋል፣ የበለጠ የሚያውቅ ያርማል፣ እንደኔ ያለችው ትጠይቃለች። እኔ መቼም ትምህርት ሳልጠግብ ነው የወጣሁት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካሁ ነው የማነበው፤ አንድ መስመር ጽፌ ስጨርስ ማሙሽ ተኝቶ ይነሳል። እዚያ ግን የሳቀብኝ የለም። መድኃኒት የሚተፋ ልጅ በጉንጩ በኩል ቀስ ተደርጎ እንደሚሰጠው ጻፍኩ። ፊደሌን አቃኑልኝ፣ ሐሳቡን ግን አልነኩትም። አንዲት የማላውቃት እናት ከሥሩ «ሠራልኝ፣ ተባረኪ» ብላለች። በዕድሜዬ በጽሑፍ ስመረቅ የመጀመሪያዬ ነው። ቆሜ ነው ያነበብኩት።

እና እኚያ ሰው አንድ ቀን እዚያ ገጽ ላይ መጡ። ስለ ሕፃን አስተጣጠብ ጥሩ ነገር አረሙ፤ ውሃው በጣት ሳይሆን በክርን ይለካ አሉ። ሁሉም አመሰገናቸው። እዚያ ላይ ቢያቆሙ… ግን ምስጋና ቀምሶ የሚያቆም ማን አለ? ከክርኑ ሥር «ይህን ያረሙት፣ ለረጅም ዘመን ያለ አንዳች ነቀፌታ ያገለገሉት፣ በሥራቸውም ብዙ ሠራተኛ ያስተዳደሩት…» እያለ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ሕፃኑ ሳፋው ውስጥ ቀዘቀዘ እኮ እትዬ፣ እስኪያልቅ!

ገጹ ጠባቂዎች አሉት። ደመወዝ የላቸውም፣ በፈቃዳቸው የሚያጸዱ ናቸው። ክርኑን ተዉት፣ ሠራተኞቹን አነሱት። በቃ፣ ተቀየሙ። ማን ደፍሮ የእሳቸውን ጽሑፍ ይነካል? መለሱት። አነሱባቸው። መለሱት። አነሱባቸው። ከዚያ ወዲያ ክርኑ ጠበባቸውና በየገጹ ዞሩ።

ልጄ ጡት እምቢ ብሎኝ፣ ጡቴም ቆስሎ፣ እንዴት እንደምይዘው ልይ ብዬ ገጹን ስከፍት… ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? እሳቸው! በሙሉ ልብስ፣ በከረባት፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ደንግጬ በሻርፔ ተሸፈንኩ! አሁን አይሳቁ እትዬ፣ ሻይዎ ይደፋል። የጥርሱን ገጽ ብከፍት፣ «የሕፃናት ጥርስ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ የእሳቸው ግን ተስተካክሎ ነው የወጣው» ይላል። የተቅማጡን ስከፍት፣ ከላይ ስማቸው፣ ከሥሩ ማዕረጋቸው፣ ከማዕረጉ ሥር ተቅማጡ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ከተቅማጥ በላይ ሲውል ግን ያየሁት በእሳቸው ነው። ሌላ እዚህ የደረሰ ማን አለ? ንገሩኝ እስቲ።

…አሁን እንኳ ዝም አለች አይጧ። ጨዋ አይጥ ናት።

ጠባቂዎቹ የሚጽፉበትን ስም ዘጉባቸው። እሳቸውም በሌላ ስም መጡ፤ «ዋናው» ብለው። ተዘጋ። «እውነተኛው» ብለው መጡ። ተዘጋ። ከዚያ «አንድ አድናቂያቸው» ብለው መጡ… እኔ ይሄኛው አሳዝኖኛል። እውነቴን ነው። አድናቂ ያጣ ሰው ራሱ ወጥቶ ራሱን ሲያደንቅ፣ ብቻውን ሁለት ሰው ሆኖ ሲሠራ… ያደክማል እኮ። ሌላው አጥፊ ቢሆን ይደበቃል። እሳቸው መደበቅ አያውቁም። በየትኛውም ስም ይምጡ፣ ከሥሩ ሙሉ ማዕረጋቸውን ይፈርማሉ። ሌባ ጭምብል አድርጎ ይገባል፤ እሳቸው ሰብረው ከገቡ በኋላ ፎቶአቸውን ግድግዳው ላይ ሰቅለው የሚወጡ ቅን ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ቅንነት ዛሬ የት ይገኛል?

ስሙን መዝጋት አልሆን ሲል ቤቱን ዘጉ። ማለት ኢንተርኔቱ የሚወጣበትን መስመር። እና ያን ጊዜ ነው እሳቸው ዘመድ ጠያቂ የሆኑት።

ምነው ደነገጡ እትዬ? ጥሩ ነገር እኮ ነው የምነግርዎት። በዚህ ዘመን ዘመድ የሚጠይቅ ማን አለ? ለቅሶ እንኳ በስልክ ነው የሚደረሰው። እሳቸው ግን ያላዩትን የአጎት ልጅ ሄደው አዩ። የታመመ ጠየቁ። ያልታመመም ጠየቁ። በር ላይ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «ልጆች፣ የዋይፋያችሁ ቁልፍ ቃል ምንድን ነው?» ይላሉ አሉ። ቁጭ ይላሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ስለ ተቅማጥ ይጽፋሉ፣ ይነሳሉ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር ይላሉ፤ እሳቸው ግን መቼ ይሰነብታሉ? እሳቸው በወጡ ማግስት ያ ቤት ይዘጋል። ደግሞ ወደ ሌላ ዘመድ። ዘመዳቸውም ሰፊ ነው፣ ዘራቸው ይባረክ። የእህታቸው ልጅ ቤት፣ የድሮ ጸሐፊያቸው ቤት፣ የጥርስ ሐኪማቸው ጋ… ጥርሳቸውን ሊያሳዩ ነው መቼም።

ጠባቂዎቹ ቤት ለቤት መዝጋት ታከታቸው። እና ምን አደረጉ መሰለዎት? መስመሩን በሙሉ ዘጉት። የሕንፃውን፣ የሰፈሩን፣ የስልኩንም፤ ኩባንያው አንድ ነው አይደል። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ ግን ለማንም የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይኼ ድር ግን አንበሳውን ሲያጣው እኛን አሰረን።

ታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው ማስታወቂያውን ያነበበልን። ከሩቅ ሲያዩት ከአንድ መስመር የሚወጣው ሁሉ አንድ ሰው ይመስላቸዋል አለን። እውነትም፣ «ይህ ሰው» ይላል ማስታወቂያው። «ይህ ሰው ጠዋት ጡቱ ቆስሎ መድኃኒት ይጠይቃል። ቀትር ላይ ስለ ራስ ቅማል ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ሲያዋልድ ይውላል። ማታ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። መቼ ነው የሚተኛው?»

ጡቷ የቆሰለው እኔ ነኝ። ቅማሉ የፀጉር አስተካካዩ ነው። የምታዋልደው ጡረተኛዋ አዋላጅ ናት፣ ማዶ ያለችው። እንግዲህ ሁላችንም እሳቸው ሆነን አረፍነው! ሀምሳ ሎሚ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል ነበር፤ ሀምሳ ሰው ለአንድ ሰው ጌጥ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ሰው በሕይወት ዘመኑ ምን ይመኛል? ሰፈሩ ሁሉ እሱን ቢሆን አይደል? ተመኝተው አገኙት። ብቻ መጥፎው ነገር… ሰፈሩ ሁሉ እሳቸው ሲሆን የሚያደንቃቸው ሰው አልተረፈም።

…ተመልሳ ጀመረች? ቀጭ አለች መሰለኝ። ቆይ እንስማ…

አይ፣ ልጄ ነው፣ ክዳኑን መሬት ሲመታ። እሱ ራሱ የሚመታውን አይሰማውም ይሆን ብዬ… ተውት፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያስቀው። አንዲት ገጽ ክፍት ቀርታለች፣ የይቅርታ ገጽ ትባላለች። የተዘጋበት ሰው እዚያ ገብቶ «ተውኩ» ብሎ ከጻፈና ዝም ካለ ይከፈትለታል። አንዲት ቃል! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነበር ተረቱ፤ አሁን ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ ጎረቤቱን መከራ ይምከረው ሆኗል። እና ፀጉር አስተካካዩ አሰበ። «አንድ ሰው ነን ካሉን፣ ማናችንም ብንጽፍ እሳቸው ጻፉ ማለት አይደል?» አለ። ገባና «ተጸጽቻለሁ፣ ተውኩ» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ ይሄን ሳይሰማ እሱም ገብቶ «ተውኩ፣ ዳግመኛ አይለምደኝም» አለ። አዋላጇ ደግሞ የዋህ ናት፤ «ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ልጅነት ነው» ብላ ጻፈች። ልጅነት! በጡረተኛ ስም!

ሠራ መሰለን። ግን እሳቸው ዓይናቸው ከዚያች ገጽ ላይ አይነቀልም፣ የእኔ ገጽ ነው ብለው ይዘዋታል። ከሥሩ ጻፉ፣ «አልተውኩም! ይህን የጻፈው ተራ ሰው ነው!»

ጠባቂዎቹ አነበቡት። አንድ ሰው፣ «ተውኩ»፣ «ተውኩ»፣ «ልጅነት ነው»፣ «አልተውኩም፣ ተራ ሰው ነኝ»… ምን ይበሉ? «ይህ ሰው ከራሱ ጋር ተጣልቷል፤ እባካችሁ ቤተሰቦቹ ሐኪም አሳዩት» ብለው በአክብሮት ጻፉ። የሐኪም አድራሻም ጨመሩ። እኔ ስለሳቸው አፍሬ ጠባቂዎቹን ልቆጣ ነበር፤ መጻፍ አልተፈቀደልኝም እንጂ።

ይኼ ሁሉ ያስቃል እትዬ። እኔም ስቄ ነበር። ያልሳቅኩት በልጄ ነው።

ማሙሽ… እንዴት ልበልዎ። በር ሲጮህ አይደነግጥም። እኔ ስጠራው ዓይኔን ካላየ አያውቀኝም። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ «ልጅ ሁሉ በራሱ ጊዜ ነው፣ ዓመት ሲሞላው አምጪው» አሉኝ። አማቴ ረጋ ያለ ልጅ ነው፣ አባቱን ነው የመሰለው አለች። እንቅልፌ የጠፋው በዚህ ነው፣ በሳፋ አይደለም። እዚያ ድረ ገጽ ላይ አንዲት የጆሮ ነርስ አለች፣ እሷን ጠየቅኳት። እሷ ብቻ አላቃለለችውም። «እናቱ፣ ሲጫወት ከኋላው ሁኚ፤ እንዳያይሽ። አንዴ አጨብጭቢ። ዞረ፣ አልዞረም፣ ጻፊልኝ። ካልዞረ እንዲህ ብለን አናስቀምጠውም፤ የጆሮ መመርመሪያው ወደ እናንተ ሲመጣ ተራ እይዝለታለሁ» አለችኝ።

አጨበጨብኩ። ከዚያ ልጽፍላት ስል መስመሩ ተዘጋ። የእሷን ግን አነባለሁ። «እናቱ፣ ምነው ዝም አልሽ?» ትላለች። ደግሞ በነጋታው፣ «እናቱ፣ ዞረ ወይስ አልዞረም?» ትላለች። እዚያ ሆና ትጠይቀኛለች፣ እዚህ ሆኜ ስልኩን እያየሁ አፌን እከፍታለሁ። ሰው እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ስልኳን እንዳልጠይቃት በገጹ ስልክ መስጠት ክልክል ነው፤ ቢፈቀድስ በምን ጽፌ እጠይቃለሁ? ልጄን አዝዬ፣ አውቶቡስ ቀይሬ፣ እህቴ ቤት ድረስ ሄድኩ፣ ከዚያ ልጽፍ። ደረስኩ፣ ከፈትኩ… ተዘግቷል! ለካስ እኚያ ደግ ሰው በዚያም ዘመድ አላቸው። የእህቴ አከራይ የድሮ ሠራተኛቸው ነው። ጠይቀውታል፣ እግዜር ይስጣቸው።

ነርሷ በመጨረሻ ገባት። «እናቱ፣ ተዘግቶብሽ ከሆነ የይቅርታ ገጹ ላይ ጻፊልኝ፤ ከሥራ ስወጣ አያለሁ፤ ተራው ነገ ይዘጋል» አለች። ጻፍኩ። «እህቴ ልጄ አልዞረም»። ሦስት ቃል ናት እትዬ፣ ለእርስዎ ምንም አይደለችም። እኔ «ዞ»ን ለማግኘት የስልኩን ፊደል ሁሉ ዳብሻለሁ። ጨርሼ ልጄን ላቅፍ ዞር ስል… የለችም። በቦታዋ የምስክር ወረቀት ፎቶ አለ። ማኅተም ያለው። ደገምኩ። ከረባት መጣ። ደገምኩ። ዋንጫ ሲሸለሙ መጣ።

አልፈረድኩም። ምን አውቀው? ባዶ ቦታ አይወዱም፣ የሰው ቃል ደግሞ ባዶ ቦታ ይመስላቸዋል። አመላቸው ነው። ሦስት ቃል አጥፍተው ሦስት ሽልማት ሰጡኝ፤ ማነው ተጎጂው?

…ውይ! እንዴት ዋሉ ጋሼ? ቤት ነበሩ እንዴ? ስለ አንድ የማላውቃቸው ሰው ሳወራ… አልሰሙኝም መሰለኝ። ጋዜጣ ይዘው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን። ይሁን፣ አይረበሹ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ጋዜጣውን ግን ዘቅዝቀው ነው የያዙት… ዓይን ሲደክም እንዲህ ነው፣ ምንም አይደል።

እትዬ፣ ነርሷ ያለችኝን ላሳይዎት? እርስዎ ይመስክሩልኝ፣ እኔ ምናልባት ጭንቀት ይሆናል። ማሙሽ ይኸው ክዳኑን ይዟል፣ አያየኝም። ከኋላው እሆናለሁ። እንዲህ… ትንፋሼም እንዳይነካው። እሺ። አንዴ ብቻ ነው።

…ጧ!

አዩ?

አልዞረም። ክዳኑን ይልሳል። …ጋሼ ግን ዞሩ። ኧረ እንዴት ነው የዞሩት! ወገባቸው ጭምር! ተነስተውም ነበር፣ እጅ ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም… አይ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ለእርስዎ አይደለም። ለልጁ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጭብጨባ ሲሰማ ሁሉም የኔ ነው የሚል ሰው እዚህ መኖሩን አላወቅኩም… ማለቴ ጆሮዎ ጤነኛ ነው፣ ይባረክ።

ቆይ ቆይ… እትዬ፣ ስልኬ በራች። ይያዙልኝ ሻዩን። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ይታገሡኝ። «እ…ና…ቱ…። አ…የ…ሁት። ተራ… ይዤ…ለታለሁ። ነገ… ጠዋት… አምጪው። አይዞሽ።»

አይዞሽ ትላለች።

አየችው እትዬ። አየችው። ሦስቱን ቃል አየችው።

አልነገርኩዎትም ለካ። እዚህ ከመውጣቴ በፊት ደረጃው ላይ ቆሜ ጽፌያት ነበር። ነርሷ ከሥራ የምትወጣው አሁን ነው፤ እስከዚያ የሚያጠፋብኝ ጣት እንዲቆም ፈለግኩ። ሰው ስለ ራሱ ሲወራ ጣቱ አይሠራም፣ ሁለት እጁ ጆሮው ጋ ይሄዳል። ሻዩን ግማሽ ያልኩት ለዚያ ነው፣ ሲቀዘቅዝ እየጠጣሁ ልቆይ ብዬ። ስንጥቋም የኔ ናት፤ ሳፋውን ይዤ ስሮጥ ደረጃው ላይ ወደቀብኝ። ሌላ እገዛልዎታለሁ።

በሉ ልነሳ። ና ማሙሽዬ፣ ና የኔ ጌታ፣ ክዳናችንን እንያዝ። ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ። ይጻፉ አሁን፣ ምንም የሚያስቸኩለን የለም፤ ቦታው ሁሉ የእርስዎ ነው… የዚያ ሰው ነው ማለቴ።

እኔ መቼም ረግሜ አላውቅም እትዬ። ለእኚያ ለማላውቃቸው ሰውም ቢሆን ከልቤ ነው የምመርቀው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ረጅም። ጣታቸው አይዛል። ስማቸው በየገጹ ይጻፍ፤ ሲጽፉ ማንም አይሰርዝባቸው፣ ማንም አያርማቸው፣ አንባቢ እንኳ አይረብሻቸው። ስማቸውን እየጠሩ ቢጣሩ ማንም ዞሮ አያድክማቸው። የእሳቸውን ጆሮ ለልጄ ይስጥልኝ… ልጄ ያለበትን ጸጥታ ደግሞ ለእሳቸው።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ… ምነው፣ ጋሼ እንኳ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል።